«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት፦ የቤት ኮምፒውተር አልነሣ ሲል ምን ይደረግ?

የቤት ኮምፒውተር አልነሣ ሲል ብዙዎቻችን የምንወስደው የመጀመሪያ እርምጃ ማሽኑን ተሸክሞ ወደ ጥገና ቤት መሄድ ነው። እዚያም በአብዛኛው የሚሰማው መልስ አጭር ነው፤ «ፎርማት መደረግ አለበት»። ፎርማት ማድረግ ማለት ሥርዓተ ክወናው ያረፈበትን የዲስክ ክፍል ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው። ለጥገና ባለሙያው የለመደውና ቶሎ የሚያልቅ ሥራ ነው። ለባለቤቱ ግን የሚጠረገው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርግ ፎቶግራፍ፣ የዕድር ሒሳብ ወይም በሕይወት የሌለ ወላጅ ድምፅ ሊሆን ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከዓመታት በፊት ላፕቶፑን ለጥገና ሰጥቶ በማግሥቱ ንጹሕና ፈጣን ማሽን ተረክቧል፤ የሦስት ዓመት ማስታወሻው ግን በውስጡ አልነበረም። ባለሙያው «የሚቀመጥ ፋይል አለ ወይ?» ብሎ አልጠየቀም፤ ባለቤቱም አልነገረውም። ኋላ ላይ እንደተረዳው ደግሞ የማሽኑ ችግር ያለ ፎርማት ሊፈታ የሚችል ነበር።

ሥርዓተ ክወና በማሽኑ አካልና በምንገለገልባቸው ፕሮግራሞች መካከል ቆሞ ሁሉንም የሚያስተናብር መሠረታዊ ሶፍትዌር ነው። ዊንዶውስ፣ ማክ ኦኤስና ሊኑክስ በስፋት የሚታወቁት ናቸው። ይህ ጽሑፍ በአገራችን ቤቶች በብዛት በሚገኘው በዊንዶውስ ላይ ያተኩራል።

ፋይሉ የት ነው ያለው?

ከማንኛውም የጥገና ሙከራ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ዲስኩ «ሲ» እና «ዲ» ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ዊንዶውስ የሚቀመጠው በሲ ላይ ሲሆን፣ ፎርማት ሲደረግ የሚጠረገውም በተለምዶ ይኸው ክፍል ነው። በዲ ላይ ያለው ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ፊት ለፊት የሚታየው ገጽ፣ ማለትም ዴስክቶፕ፣ ሁልጊዜ ከዓይን ስለማይጠፋ አስተማማኝ ቦታ ይመስላል። ነገር ግን ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠ ፋይል በትክክል ያለው በሲ ውስጥ ነው። «ዶክዩመንትስ»፣ «ፒክቸርስ» እና «ዳውንሎድስ» የተባሉት ማኅደሮችም እንዲሁ። ስለዚህ «ሲ ብቻ ነው የሚጠረገው፣ አይዞዎት» የሚል ማጽናኛ ሲሰሙ ሊጠፋ የተቃረበው ምናልባት በየዕለቱ የሚሠሩበት ፋይል ራሱ መሆኑን ልብ ይበሉ። ዲ ደግሞ የተለየ ዲስክ ሳይሆን የዚያው ዲስክ ሌላ ክፍል በመሆኑ ዲስኩ ራሱ ከተበላሸ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። እውነተኛ መጠባበቂያ የሚባለው ከኮምፒውተሩ ውጪ ያለ ቅጂ ብቻ ነው።

ዊንዶውስ ፈጽሞ አልነሣ ቢልም ፋይሉን ማውጣት ይቻላል። አንደኛው መንገድ ዲስኩን ፈትቶ በማገናኛ ገመድ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማያያዝና መገልበጥ ነው፤ ይህ ገመድ በብዙ ጥገና ቤቶች ይገኛል። ሁለተኛው መንገድ ኮምፒውተሩን ከፍላሽ ማስነሣት ነው። እንደ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት ያለ በነጻ የሚገኝ ሥርዓተ ክወና በሌላ ኮምፒውተር አማካኝነት 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ፍላሽ ላይ ተዘጋጅቶ ሲሰካ፣ ዲስኩ ላይ ምንም ሳይጭን ከፍላሹ ብቻ ይነሣል። ከዚያ የዊንዶውሱን ማኅደሮች ከፍቶ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ፍላሽ ወይም ውጫዊ ዲስክ መገልበጥ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው «ኢንስቶል» የሚለውን አለመጫን ላይ ነው፤ ያ ቃል ዲስኩን ወደ መጥረግ ሊወስድ ይችላል። ኮምፒውተሩ ከፍላሽ እንዲነሣ የማስነሻ ቅደም ተከተሉን መምረጥ ስለሚያስፈልግ ልምድ ያለው ሰው አጠገብ ቢኖር ይመረጣል።

ዲስኩ የ«ቀጭ ቀጭ» ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ግን ምንም ዓይነት ሙከራ ሳይደረግ ኮምፒውተሩን ማጥፋት ይገባል። ይህ የሥርዓተ ክወና ችግር አይደለም፤ ዲስኩ በአካል እየሞተ ነው። በከፈቱት ቁጥር የሚተርፈው ፋይል ይቀንሳል።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ

ባትሪ የሌለው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ዲስኩ ላይ እየጻፈ ሳለ መብራት ቢቋረጥ ጽሑፉ መሐል ላይ ይቀራል። የተቋረጠው የተጠቃሚው ፋይል ከሆነ ያ ፋይል ይበላሻል፤ የዊንዶውስ የራሱ ፋይል ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ በቀጣዩ ቀን አልነሣ ይላል። ባትሪው ያረጀና ከሶኬት ሲነቀል ወዲያው የሚጠፋ ላፕቶፕም በዚህ ረገድ ከጠረጴዛ ኮምፒውተር አይለይም። መብራት ሲቋረጥ ሶኬቱን መንቀል ተገቢ ነው፤ ሲመለስ የኃይሉ መጠን ለአፍታ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላልና። ዩፒኤስ የተባለው የኃይል መጠባበቂያ ለረጅም ሰዓት እንዲያሠራ የሚገዛ ሳይሆን ሥራን አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ የሚሰጥ ነው።

ከእንዲህ ያለ መቋረጥ በኋላ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ዲስኩን እየመረመረና እየጠገነ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ሊያሳይ ይችላል። በትልቅና በዝግተኛ ዲስክ ላይ ይህ ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ብዙ ሰው «ተጣብቋል» ብሎ በግድ ያጠፋዋል፤ በዚህም ጥገናውን ራሱን ያቋርጠዋል። የዲስኩ መብራት ብልጭ ብልጭ የሚል ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ቢተዉት ይሻላል።

ዊንዶውስ በተከታታይ መነሣት ሲያቅተው በሦስተኛው ሙከራ ገደማ የጥገና ገጹን ራሱ ይከፍታል። የመግቢያው ገጽ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ «ሺፍት» የተባለውን ቁልፍ ተጭኖ «ሪስታርት» ማለት ወደዚያው ገጽ ያደርሳል። በዚያ «ትራብልሹት»፣ ቀጥሎም «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለው ሲመረጥ የሚመጡት አማራጮች እኩል አደጋ የላቸውም፤ ከቀላሉ መጀመር ይገባል። «ስታርትአፕ ሪፔር» የመነሻ ፋይሎችን ብቻ ይጠግናል። ችግሩ የጀመረው ኮምፒውተሩ ራሱን ካደሰ በኋላ ከሆነ «አንኢንስቶል አፕዴትስ» የመጨረሻውን ማሻሻያ ያነሣል። «ሲስተም ሪስቶር» አስቀድሞ እንዲሠራ ተደርጎ ከነበረ ሥርዓቱን ጤነኛ ወደነበረበት ቀን ይመልሳል፤ የግል ፋይሎችን አይነካም፤ ከዚያ ቀን በኋላ የተጫኑ ፕሮግራሞች ግን ይወጣሉ። «ሴፍ ሞድ» ዊንዶውስን በጣም አስፈላጊ በሆኑ ክፍሎች ብቻ ያስነሣል። በዚህ ገብተው በቅርቡ የጫኑትን ፕሮግራም ማውጣት፣ ቢያንስ ፋይሎችዎን መገልበጥ ይችላሉ።

እነዚህ ሁሉ ካልሠሩ የሚቀረው «ሪሴት ዚስ ፒሲ» ነው። ይህ ሁለት በር አለው። «ኪፕ ማይ ፋይልስ» የሚለው የግል ፋይሎችን ትቶ ፕሮግራሞችን ያወጣና ዊንዶውስን ያድሳል፤ «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» ሁሉንም ይጠርጋል። ብዙ ጊዜ ለፎርማት ምክንያት የሚሆነው ችግር በመጀመሪያው በር ሊፈታ የሚችል ነው። ቢሆንም መብራት መሐል ላይ ቢሄድ የሚያስከትለው ስለማይታወቅ አስቀድሞ ፋይል መገልበጡ እዚህም አይቀርም።

ጥገናው ከፎርማት ውጪ መፍትሔ እንዳለው ለማየት ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ ያሠራጨው የተሳሳተ ማሻሻያ በማይክሮሶፍት ግምት 8 ነጥብ 5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን በሰማያዊ ገጽ ላይ አስቁሟል። አየር መንገዶች፣ ባንኮችና ሆስፒታሎች ተስተጓጉለዋል። በእጅ ለሚደረገው ጥገና የተሰጠው መመሪያ ደግሞ በሴፍ ሞድ ገብቶ ያንን አንድ የተሳሳተ ፋይል መሰረዝ ነበር።

ሰማያዊው ገጽ ራሱም የሞት ምልክት አይደለም። ዊንዶውስ ለመቀጠል የማይችልበት ስሕተት ሲገጥመው ጉዳት እንዳይብስ ሥራውን የሚያቆምበት መንገድ ነው፤ በቅርብ ጊዜዎቹ የዊንዶውስ 11 ስሪቶች ቀለሙ ወደ ጥቁር ተለውጧል። አንድ ጊዜ ታይቶ ካልተመለሰ ሊያሳስብ አይገባም። የሚደጋገም ከሆነ ከሥር የሚጻፈውን የስሕተት ስም በስልክ ፎቶ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ለባለሙያው ከማንኛውም ገለጻ በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው። መንሥኤው በቅርቡ የተጨመረ ዕቃ ወይም ፕሮግራም፣ የላላ ወይም አቧራ የያዘ ራም፣ አንዳንዴም ሙቀት ሊሆን ይችላል።

ሰዓቱ የተሳሳተ ኮምፒውተር

ኢንተርኔቱ እየሠራ ድረ ገጾች ሁሉ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አልከፈት ካሉ በመጀመሪያ ሊታይ የሚገባው በስክሪኑ ጥግ ያለው ቀን ነው። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት የምስክር ወረቀት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። የኮምፒውተሩ ቀን ከዚያ ውጪ ከሆነ አሳሹ ወረቀቱን አይቀበልም።

ቀኑ መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ በዋናው ሰሌዳ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። በአብዛኞቹ የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች ይህች ባትሪ ሲአር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ስትሆን፣ ኮምፒውተሩ ከኃይል ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ በቀላሉ ትቀየራለች። ባትሪዋ ስታልቅ የማስነሻ ቅንብሩም አብሮ ሊጠፋ ስለሚችል «የሚነሣበት ዲስክ የለም» የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል። ይህም ዲስክ እንደ ሞተ ተቆጥሮ ለፎርማት ምክንያት የሆነበት ጊዜ አለ።

በእኛ ዘንድ ደግሞ አንድ የተለየ መንሥኤ አለ። ኮምፒውተሩ የሚሠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በመሆኑ በዓመቱ ቦታ ላይ 2018 ብሎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞላ ሰው ማሽኑን ወደ ኋላ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይመልሰዋል፤ ድረ ገጾችም ይዘጉበታል። ሰዓቱም ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሚቆጠር ጧት ሦስት ሰዓት በኮምፒውተሩ ዘጠኝ ነው። የሰዓት ክልሉን ከዝርዝሩ «ናይሮቢ» የሚለውን መርጦ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስድ ማድረግ ከዚህ ሁሉ ያሳርፋል።

ዝግታና የሚያልቅ ዳታ

ኮምፒውተር የሚዘገየው ሁልጊዜ በቫይረስ አይደለም። «ኮንትሮል»፣ «ሺፍት» እና «ኢስኬፕ» የተባሉትን ቁልፎች በአንድ ላይ ሲጫኑ የሚከፈተው ታስክ ማናጀር የትኛው ፕሮግራም ማሽኑን እንደያዘው በቁጥር ያሳያል። ዲስኩ ያለማቋረጥ 100 በመቶ ላይ የሚቆይና ኮምፒውተሩ በአሮጌው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነ፣ ወደ ኤስኤስዲ መቀየር ከማንኛውም ጽዳት የበለጠ ለውጥ ያመጣል፤ ለአሮጌ ማሽን ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ በቅድሚያ ለዚህ ቢወጣ ይመከራል። ሲ ሲሞላም ዊንዶውስ መተንፈሻ ያጣል። «ዲስክ ክሊንአፕ» የተባለው ማጽጃ ጥሩ ነው፤ በአንዳንድ የዊንዶውስ 10 ስሪቶች ግን ከሚጠረጉት ዝርዝር ውስጥ «ዳውንሎድስ» ስለሚገኝ ምልክት እንዳይደረግበት ይጠንቀቁ።

ስለ ማጥፋትና ማብራትም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ «ፈጣን አነሣስ» የተባለው ቅንብር በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ «ሸት ዳውን» ማለት ሥርዓቱን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ ከፊሉን ዲስክ ላይ አስቀምጦ በማግሥቱ ከዚያው ይቀጥላል። ስሕተቱም አብሮ ይቀጥላል። ከባዶ የሚጀምረው «ሪስታርት» ሲባል ነው።

ከስልክ በሚወሰድ ኢንተርኔት የሚጠቀሙ ሰዎች የገዙት ጥቅል ምንም ሳይሠሩ ሲያልቅ ዊንዶውስ ማሻሻያ እያወረደ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ማሻሻያን ለዘለዓለሙ መዝጋት አይደለም። በኔትወርክ ቅንብሩ ውስጥ ግንኙነቱን «ሚተርድ» ብሎ መመዝገብ ትልልቆቹን ማሻሻያዎች ያቆያቸዋል፤ ነጻ ወይም ያልተገደበ ኢንተርኔት ሲገኝ ማውረድ ይቻላል።

የፍላሽ «ቫይረስ» እና የተሰረቀ ማንቂያ

በፎቶ ኮፒ ቤት፣ በትምህርት ቤትና በቢሮ የዞረ ፍላሽ ተመልሶ ቤት ሲሰካ ማኅደሮቹ ጠፍተው በቦታቸው ትንሽ ቀስት ያለባቸው «ሾርትከት» የተባሉ ምልክቶች ይታያሉ። ብዙ ሰው «ቫይረሱ ፋይሌን በላው» ብሎ ፍላሹን ፎርማት ያደርጋል። ፋይሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ አልተበላም፤ ተደብቋል። የፍላሹ የተያዘ ቦታ ሲታይ እንደ ቀድሞው ከሆነ ማስረጃው እሱ ነው።

ቀስት ያለበትን ምልክት መክፈት ቫይረሱን ወደ ኮምፒውተሩ ማስገባት ስለሆነ አይነካም። በማኅደር ማሳያው «ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብቶ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግና «የተጠበቁ የሥርዓት ፋይሎችን ደብቅ» ከሚለው ፊት ያለውን ምልክት ማንሣት ያስፈልጋል። ያን ጊዜ የጠፉት ማኅደሮች ደብዘዝ ብለው ይወጣሉ፤ አንዳንዴም ስም በሌለው አንድ ማኅደር ውስጥ ተጠራቅመው ይገኛሉ። ሰነዶቹን ብቻ ወደ ንጹሕ ቦታ ገልብጦ፣ ፍላሹን በጸረ ቫይረስ መርምሮ ከዚያ በኋላ ፎርማት ማድረግ ይቻላል። ምልክቶቹ በሌላ ንጹሕ ፍላሽ ላይም የሚታዩ ከሆነ የታመመው ኮምፒውተሩ ነው። በዊንዶውስ ውስጥ ያለው ዲፌንደር ከዊንዶውስ ውጪ የሚያደርገው «ኦፍላይን ስካን» የተባለ ምርመራ አለው፤ ሥር የሰደደውን ለማግኘት ከተለመደው ይሻላል።

ዲፌንደር ተዘግቶ ከተገኘ ግን ማን እንደዘጋው መጠየቅ ተገቢ ነው። ዊንዶውስን ያለ ክፍያ ያነቃሉ የሚባሉት ፕሮግራሞች ከመሥራታቸው በፊት ጸረ ቫይረሱ እንዲዘጋ ይጠይቃሉ። በር ጠባቂውን አስወጥቶ ማንነቱ ያልታወቀ እንግዳ ማስገባት ማለት ነው። ያልነቃ ዊንዶውስ በስክሪኑ ጥግ ላይ ማሳሰቢያ ይጽፋል፣ የጀርባ ምስልና ቀለም መቀየርም ይከለክላል፤ የዕለት ተዕለት ሥራን ግን አይከለክልም። ሁለቱ ሲመዘኑ ማሳሰቢያውን መታገሥ ይቀላል።

ከፎርማት በኋላ የማይነበብ አማርኛ

ፋይሉ ተርፎ ሳለ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ይህ በተለይ በቀድሞ የአማርኛ መጻፊያዎች በተጻፉ ሰነዶች ላይ ይደርሳል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በአውሮፓውያኑ 1999 ዓ.ም ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት ያገለገሉ አንዳንድ ፎንቶች ፊደላቱን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የሚያስቀምጡ ነበሩ። ፎንቱ ከፎርማት ጋር ሲጠፋ ከሥር ያለው ላቲን ይገለጣል። ሰነዱ አልተበላሸም፤ የተጻፈበት ፎንት ተመልሶ ሲጫን ይነበባል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰነድ እንዳይነበብ ሆኗል ብሎ መሰረዝ አይገባም፤ ፎርማት ከመደረጉ በፊትም ከፋይሎቹ ጋር ፎንቶቹን መገልበጥ ያስፈልጋል።

ድጋፉ ያበቃው ዊንዶውስ 10

ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን አያቆምም፤ አዲስ ለሚገኙ ቀዳዳዎች ግን መጠገኛ አይመጣለትም። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም የሚዘልቅ የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ አዘጋጅቷል፤ ለመመዝገብ የማይክሮሶፍት አካውንት ያስፈልጋል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ ብዙ አሮጌ ማሽኖችን አይቀበልም። ለእነዚህ ሊኑክስን መሞከር አማራጭ ነው።

የመጠገኛን ዋጋ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም የተነሣው ዋናክራይ የተባለው ጥቃት አሳይቷል። ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ይህ ቫይረስ የተጠቀመበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት ድጋፋቸው ላላበቃ ስሪቶች የደፈነው ከሁለት ወር ገደማ በፊት ነበር። የተጎዱት በአብዛኛው ማሻሻያውን ያልጫኑት ናቸው።

አዲስ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ደግሞ ሌላ ቁልፍ መያዝ አለበት። በማይክሮሶፍት አካውንት የተከፈቱ ብዙ የዊንዶውስ 11 ማሽኖች ዲስካቸውን በራሳቸው ይቆልፋሉ። ከጥገና ወይም ከማስነሻ ቅንብር ለውጥ በኋላ «ቢትሎከር» የሚል ገጽ መጥቶ ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል፤ ያለዚያ ቁጥር ፋይሉን ባለሙያም ሆነ ከላይ የተጠቀሰው የሊኑክስ ፍላሽ አያወጣውም። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። ላፕቶፑን የከፈተልዎት የሱቅ ሠራተኛ በራሱ ኢሜይል ገብቶ ከሆነ ግን ቁልፉ ያለው በእሱ እጅ ነው። ዛሬ ማሽኑ በደኅና እየሠራ ሳለ በማን አካውንት እንደተከፈተ ይመልከቱ፤ ቁጥሩንም በወረቀት ገልብጠው ከልደት ምስክር ወረቀትና ከቤት ካርታ ጋር ያስቀምጡ።